ጠምጥሞ አለማሰር

«ደመናው ከበደ አይደል፣ እትዬ? ትናንት ጦር ኃይሎች ታክሲ ስጠብቅ አራሰኝ። ተመስገን ነው፤ ጎመኑም ጠጣ...»

ጋሽ ሰብስቤ ይህን ያሉት ከታላቅ እህታቸው ከአልማዜ ጎን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነው። የአልማዜ ልጅ ራኬብ የቃል ኪዳን ቀለበቷ ለአጥር ግንብ ከመጣው አሸዋ ውስጥ ወድቆባታል። እጮኛዋ ከጓደኛው የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ተውሶ፣ ፊት ለፊታቸው አሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ማሽኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይጮሃል። ጋሽ ሰብስቤ ዓይናቸውን ከደመናው አላነሱም።

«መቼም ታታሪ ልጅ መውለድ መባረክ ነው... የማን ልጅ? እንዲያው ስለ ልጅ ነው የማወራው። የማሽኑን ኬብልስ አየሽልኝ? በዘንጉ ዙሪያ እንዴት አሳምሮ ጠምጥሞታል! የደብር አለቃ ጥምጣም አይመስልም? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ መማሩን ለተማረ ትቼ፣ ከጠመጠሙ ወዲያ ማሰር ነው እላለሁ። ታች ወርቁን የሚያሸተው ሳህን ጋ ትንሽ ላላ፣ ከዚያ በላይ ጠበቅ፣ ጫፉን በማሰሪያ ቋጠር... አለቀ። ይኼ ምን ይከብዳል?

«ያልታሰረ ኬብል ግን ይወዛወዛል። በተወዛወዘ ቁጥር ማሽኑ ‹አገኘሁ! አገኘሁ!› ይላል። ሲቆፈር... አሸዋ። ኧረ ማሽኑን ነው የምልሽ! ሰውማ እንዲህ ያደርጋል? ‹ከፋሲካ በኋላ ሰርግ፣ ከመስቀል በኋላ ሰርግ፣ ለጥር ሰርግ› እያለ የሚጮህ ሰው ታውቂያለሽ? እኔስ አላውቅም...

«ትዕግሥቱ ደግሞ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የዚህኛው እንቁላል እግሩንስ አውጥቷል፤ መንገዱን ነው ገና የሚያማክረው...»

ማሽኑ ድንገት ጸጥ አለ። ልጁ ቆሞ የተንጠለጠለውን ኬብል በእጁ ይዟል። ጆሮው ቀልቷል። ራኬብ በመስኮቱ በኩል ባዶ ጣቷን እያሻሸች ታየዋለች።

ጋሽ ሰብስቤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ሁለት እጃቸውንም ወደ ላይ ዘረጉ።

«በእጅ መያዝም ማሰር ነው፣ ለጊዜው... በይ እትዬ፣ እኔ ለሠርክ ጸሎት ልሂድ። አሜን በይ! እግዚአብሔር ድካሙን ይቁጠርለት። እጁን ይባርክለት። ቀለበቱንም ዛሬውኑ ያስገኘው... ልጃችንን የሚያገባት ሰው ሌላ ወርቅ ፍለጋ እንዳይንከራተት።»