የየኔታ ማጉያና የጸደንያ ክቦች

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣችውን ልጄን ጸደንያን ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ተቀብዬ ወደ ሰፈራችን ቁልቁል ስንወርድ፣ የደብራችን አጥር ጥግ ላይ የኔታ ገብረ ኢየሱስን አገኘናቸው። በብብታቸው ካርቶን ይዘዋል። ባላየ ላልፍ ፈልጌ ነበር፤ የኔታን ግን እንዲያ ማለፍ አይቻልም። ድምፃቸው ቀድሞ ይይዛል።

«ሸዋረግ! ልጅቱ መጣች? እሰይ! ምነው ከሳች?»

የኔታ የአባቴ ወንድም ናቸው። በደብራችን በመሪጌትነት ሠላሳ ዓመት አገልግለዋል። አዋቂ ናቸው፤ ችግራቸው ያላወቁትንም ማወቃቸው ነው።

እኔ በዚያን ቀን ለጨዋታ ልብ አልነበረኝም። ትልቋ ልጄ የሻለም ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። በመጨረሻ ስንነጋገር፣ «እማ፣ ወር ሳይሞላ ቤት ልቀይር ነው። ይህ ስልክ የእመቤቲቱ ስለሆነ ትቼው እወጣለሁ። በሦስተኛው እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በምትወጡበት ሰዓት ደውዬ የአዲሱን ቤት ቁጥር እነግርሻለሁ። እንዳያመልጥሽ» ብላኝ ነበር። ሦስተኛው እሁድ ነገ ነው። ልክ ከዚያ ንግግራችን ማግስት ጀምሮ ደግሞ የአካባቢያችን ስልክ ሁሉ ዲዳ ሆነ። እስከ መናኸሪያው ወጥቼ ሞክሬያለሁ፤ እዚያም ያው ነው። የኔትዎርኩ መስመር ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ሲደውሉ ግን አይገባም። ነገ ያ ጥሪ ካመለጠኝ ልጄን በየትኛው አገር፣ በማን ቤት ብዬ እፈልጋታለሁ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሬሳ ሣጥን ሲመጣ ነው የሚታየኝ። ሰው «አብሽሪ» ይለኛል። ማበሸር ለእኔ አልተፈጠረም።

«ይኸውልሽ፣ ሁለተኛውን ከደሴ አስመጣሁት» አሉ የኔታ፣ ካርቶኑን እየመቱ። «አንዱ ይህን ያህል ካገዘ፣ ሁለቱ ሲቀጣጠሉ ምን ሊሆኑ ነው!»

«ምንድን ነው የኔታ?» አለች ጸደንያ።

«የኔትዎርክ ማጉያ ነዋ! አንዱን ከሰቀልኩ ሦስት ሳምንቴ። ስልኬ ቤት ውስጥ አራቱም መስመር ሙሉ ነው።»

«ሲደውሉስ ይገባል?»

«እሱ የቴሌው ማማ ጥፋት ነው።»

ጸደንያ ፊቷ ተለወጠ። ካርቶኑን ለማየት ቦርሳዋን ስታስቀምጥ አንድ ወረቀት ሾልኮ ወደቀና የኔታ አነሱት። እኔም አየሁት። አንድ ትልቅ ክብ፣ በውስጡ ትንንሽ ክቦች ሁሉም በአንድ ጠርዝ ተነካክተው፣ የተቆለመሙ መስመሮች እየቆራረጧቸው፣ ዙሪያውን ቁጥር፣ አንድ ጎኑን ደግሞ በቀይ ቀለም የተሰመረ ሌላ ክብ።

የኔታ አማተቡ። «ጠልሰም!»

«የኔታ...»

«ዝም በይ! ስንት ዓይነት ጠልሰም በዓይኔ አይቻለሁ። ሸዋረግ፣ ልጅሽን ለትምህርት ነው የላክሻት ወይስ ለምንድን ነው?»

ብዬ ነበር እኮ! አንዷን ባሕር ወሰዳት፣ ይቺኛዋን ደግሞ አስማት። «ጸደንያ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ማን ነው ይህን ያስያዘሽ?» አልኩ።

«መምህሬ ናቸው እማ!» ልጅቱ በሳቅና በንዴት መሃል ቆማለች። «ይህ የሬዲዮ ሞገድ ማጉያ የሚነደፍበት ሠንጠረዥ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ ነው። ስሚዝ ቻርት ይባላል።»

«ስሚዝ የሚሉት ጋኔን ነው?»

«ሰው ነው የኔታ፣ መሐንዲስ! አሁን እሱን ይተዉትና፣ የሰቀሉትን ማጉያ ያሳዩኝ።»

ቤታቸው ከቤታችን በአጥር ብቻ ነው የሚለየው። ጓሮ ስንገባ የውጭው አንቴና በመስኮቱ ጎን ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል፤ የውስጡ ደግሞ በክፍቱ መስኮት ደፍ ላይ ቆሞ በክንድ ርቀት ፊት ለፊት ያየዋል። ሣጥኑ መካከላቸው ግድግዳው ላይ ነው፤ መቆጣጠሪያው እስከ መጨረሻው ተጠምዟል።

«የኔታ፣ ለምን አፋጠጧቸው?»

«ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ ፊት ለፊት ካልተያዩ ማኅሌት ይቆማል? አንዱ ሲመራ ሌላው እንዲቀበል ነዋ!» አሉ፣ ኩራት በኩራት ሆነው።

ልጄ ግንባሯን ያዘች። «የውጭው አንቴና የማማውን ደካማ ድምፅ ይሰማል። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ያጎሉታል። የውስጡ ለስልክዎ ይሰጣል። የስልክዎን ድምፅም በዚያው መንገድ ወደ ማማው ይመልሳል። ፊት ለፊት ሲቆሙ ግን የጎላው ዞሮ ይገባል፣ እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይገባል...»

«ታዲያ ተደጋግሞ ቢጎላ ይበዛል እንጂ ይጎድላል?»

«አይበዛም። ያብዳል!»

«ነገርሽ ሁሉ እብደት ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አራት ዓመት ተምራ የምታወራውን ስሚ።»

እኔ በፊዚክስ ሃምሳ ሁለት አምጥቼ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ግማሹን እንኳ አልያዝኩትም። የያዝኩት ጸሐይዋ እየዞረች መሆኑን ብቻ ነው። «ጸደንያ፣ በሰው ቋንቋ ንገሪን!» ብዬ ጮህኩባት። «የኔታም እስቲ አንድ ጊዜ ያድምጡ!»

ጸደንያ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ያለፈው የንግሥ ዕለት ዲያቆኑ ማይኩን ይዞ ድምፅ ማጉያው ፊት ሲቆም ምን ሆነ?»

«አዪ! ጩኸቱ በቅሎ አስበረገገ። የአቶ ቢሻው በቅሎ ሰው ልትገድል ነበር።»

«እርስዎስ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ‹ቀንሰው! ከኋላው ቁም!› አልኩት።»

«ጨምረው አላሉትም?»

የኔታ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ያ ጮኸ። ይኼ ዝም ያለ ነው። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቼዋለሁ፤ ዝም!»

«ጆሮ በማይሰማው ነው የሚጮኸው። ማማው ግን ይሰማዋል። የማማው ድምፅ ወደ እኛ ስለሚወርድ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ይታየናል። እኛ ወደ ማማው ስንናገር ግን የእርስዎ ሣጥን ጆሮው ሥር ቆሞ ቀን ከሌት ይጮኽበታል። እንዴት ብሎ ይስማን?»

ይህቺ ገባችኝ። ሦስት ሳምንት! «የኔታ፣ ያጥፉት! አሁኑኑ ያጥፉት!» አልኩ።

«ላጥፋው? ለማን ብዬ ነው ሁለተኛውን ያስመጣሁት?» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ነገ የየሻለም ቀን አይደለም? ጥሪዋ እንዳያመልጥሽ ብዬ እኮ ነው፤ አጥፋው ትይኛለሽ?»

ምን ይባላል? ሰው በደግነቱ ሲያጠፋ እንደ ክፉ አይሰደብ፤ እንደ ደግ አይመሰገን።

ጸደንያ ግን ወረቀቷን ዘርግታ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ይዩት የኔታ። ትራንዚስተር የሰጡትን ሁሉ አይቀበልም፤ ከፊሉን ይመልሳል። ይህቺ የመሃሏ ነጥብ ምንም የማይመለስባት ናት። ወደ ዳር በራቅን ቁጥር የሚመለሰው ይበዛል፤ ጠርዙ ላይ ሁሉም ይመለሳል።»

የኔታ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «ውጭው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሃሉ መቅደስ በይኛ።»

«ለመያዝ ያህል እንዲያ ይበሉት። ይህ ቀዩ ክብ ግን ክልክል ነው። ከዚህ ውስጥ ከገባሁ ማጉያዬ ሊጮህ ይችላል። ሥራዬ ከቀዩ እየሸሸሁ ወደ መሃል መቅረብ ነው። መሸሹና መቅረቡ ካልተስማሙልኝ ከማጉላቱ እቀንሳለሁ።»

«ትቀንሻለሽ? ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው ለመቀነስ ነው?»

«ማጉላቱንማ ትራንዚስተሩ ራሱ ያውቅበታል። እኛ የምንማረው ልኩን ነው። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ደግሞ ረጋ ያለ መሆን አለበት፤ እሱ ከተንጫጫ ተከታዩ የሚያጎላው ጫጫታውን ነው።»

የኔታ ጺማቸውን ይዘው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ተማሪ ዜማ ሲጀምር ከላይ አንስቶ ቢጮኽ ‹ዝቅ አድርግ፤ ተቀባዩ በሚችለው ልክ ስጠው› እለው ነበር» አሉ። ከዚያ ተነሡ። «ለሙከራ ነው። ለሙከራ ብቻ።» ሶኬቱን ነቀሉ።

ብዙም አልቆየን። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የዘሊካ ስልክ ጢን፣ ጢን፣ ጢን ይል ጀመር። «እት ሸዋረግ! ኧረ ወላሂ ስልኬ ነፍስ ዘራ! ማማውን ጠገኑት መሰል፣ አልሃምዱሊላህ!»

የኔታ ፊታቸው ዓመድ መሰለ። ጸደንያ ግን፣ «ይመልሱት» አለች። «አጋጣሚ እንዳይሆን።»

«አብደሻል!» አልኳት። እሷ ሰካችው። ትንሽ ቆይቶ ዘሊካ፣ «ያረቢ! ባሌን እያናገርኩት መሃል ላይ ተቆረጠ! ምን በደልን?» እያለች አጥሩን ተደግፋ ብቅ አለች።

የኔታ በገዛ እጃቸው ሶኬቱን መንጭቀው አወጡት። «ዘሊካ» አሉ፣ «ማማው አይደለም። እኔ ነኝ።»

ዘሊካ ነገሩን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች። «ታዲያ ሦስት ሳምንት ማማውን ስረግም እየሰሙ ‹አሜን› ይሉኛል የኔታ?»

«እኔም አብሬ ረገምኩት እኮ!» አሉ። ሳቅን። እኔ ግን ልቤ ገና ነገ ላይ ነበር።

እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ የኔታ ሕዝቡን ደጀ ሰላሙ ላይ አቆሙት። ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። «ስልካችሁን ያፈነው የእኔ ሣጥን ነው፤ ይቅር በሉኝ። እንዲህ ያለ ማጉያ ያለ ቴሌ ፈቃድ መስቀል ክልክል መሆኑን ልጅቱ ነግራኛለች፤ ሁለቱንም ለሻጩ እመልሳለሁ። ሻጭ ‹ኃይለኛ ነው› ሲላችሁ ‹ልኩስ?› ብላችሁ ጠይቁ። የማታውቁትን ከመስቀላችሁ በፊት የተማረ አማክሩ። የተማረ ከሌላችሁ ደግሞ አስተምሩ። እኛ ሦስት ሳምንት የረገምነውን ይህቺ ልጅ በአንድ ከሰዓት ፈታችው። ነገ ደግሞ በየሸለቆው ላሉት ሰዎች የማይጮህ ማጉያ የምትነድፍ እሷ ናት።»

ይህን ሲሉ ሰዓቱ እያለፈ ነበር። ስልኬን በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። አለቀ፣ ከልክለዋታል፣ ቆልፈውባታል፣ አልኩ። ያን ጊዜ ጠራ።

«እማ! ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሻለሁ! ደህና ነሽ? አልታመምሽም? ድምፅሽ ምነው?»

«ደህና ነኝ እማ፣ ፍጠኚ፣ ቁጥሩን ጻፊ!»

ወረቀት! ሁሉንም ክፉ ነገር አስቤ ወረቀት ረሳሁ። ጸደንያ ከደብተሯ ያንን የክብ ወረቀት አውጥታ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። የምደገፍበት ስፈልግ የኔታ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ከሥሩ ዘረጉልኝ። ትናንት ጠልሰም ባሉት ወረቀት ሥር፣ የሚጸልዩበትን ዳዊት።

ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ስጽፍ የኔታ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው በቁጣ ሹክ አሉኝ፤

«ከቀዩ ክብ ውጭ ጻፊው እንጂ ሸዋረግ! ክልክል ነው አላለችሽም?»