ከቀሚሱ ሥር

በቀይ ሽብር ጊዜ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ በኪሮሽ የሠራሁትን የሕፃን ኮፍያና ሻርፕ እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ሹም አቦ ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩት እማማ ጥሩነሽ አጠገቤ ቁጭ አሉና፣ «ጥቁር ሰደርያ ሥሪልኝ፤ ከቀሚሴ ሥር የምለብሰው» አሉኝ። ልጃቸውን የመንግሥት ሰዎች ገድለውባቸው፣ ማልቀስም ጥቁር መልበስም ተከልክለው ነበር። ፈራሁ፤ ግን እንቢ ማለት አልሆነልኝም። ቤቴን ዘግቼ ሠራሁላቸው።

ሊወስዱ ሲመጡ እዚያው ለበሱት። ቀሚሳቸውን ከላይ አጠለቁና ደረታቸውን እየዳበሱ፣ «ይታያል?» አሉኝ።

«አይታይም እማማ» አልኋቸው።

ያን ጊዜ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። ሲበቃቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወጡ። ወዲያው ደጅ ላይ የቆመውን የቀበሌ ጥበቃ፣ «እንደምን ዋልህ ልጄ» ሲሉት ሰማሁ።