የኦርቪል የመጨረሻ በርሜል

የተከበራችሁ ወዳጆቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ አንቺም ልጁ ሊኔት፤ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ። ኦርቪል ሃግስትሮም በመጨረሻዎቹ አሥራ አራት ወራት ሽታ የሚባል ነገር አይሸተውም ነበር። ሕመሙ ወሰደበት። ከሊኔትና ከእኔ በቀር ማንም አላወቀም። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ጥቅምት አንድ በርሜል ቢራ ጠመቀ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ኦርቪል ማን ነበር? ጠማቂ ነበር ትላላችሁ። እኔ ቀማሽ ነበር እላለሁ። የማዕድን ጉድጓዶቿ ከተዘጉ ወዲህ ይህች ከተማ በምን ታወቀች? በእሱ ምላስ!

ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ አስተማርኩ። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከቅመሳ ጠረጴዛው አስቀመጠኝ። ቀመስኩና «ጥሩ ነው» አልኩ።

«‹ጥሩ› ቃል አይደለም፣ መምህር። የተማሪ ወረቀት ላይ ‹ጥሩ› ብቻ ጽፈህ ትመልስ ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«እንግዲያው ለቢራዬም እዘንለት።»

ብርጭቆውን በመዳፌ አስከደነኝ። አፍንጫዬ ሥር የብርቱካን ልጣጭ አመጣ፤ ቀጥሎ የጥድ ሙጫ፤ ከዚያ መልሶ ቢራውን። ሁለቱም እዚያው ውስጥ ነበሩ! በስልሳ አራት ዓመቴ ማሽተት ጀመርኩ።

ኦርቪል ዳኛ የነበረበት የሐይቁ ዳር የቢራ ውድድርስ ትዝ ይላችኋል? ዳኞች የሚቀምሱት ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ነው። የዳኛ ቢራ ወደ ሌላ ጠረጴዛ መሄድ ነበረበት፤ የእሱ ግን በስሕተት ወደ ራሱ መጣ። ኦርቪል ሰባት ቁጥርን ቀመሰ። ፊቱን አጨማደደ። «እርጥብ ካርቶን ይሸታል» ብሎ ጻፈ፤ ከሃምሳ ነጥብ አሥራ ዘጠኝ ሰጠ። ስሙ ሲገለጥ ሰባት ቁጥር የገዛ ቢራው!

ዴልበርት፣ አብረኸው የዳኘኸው፣ እዚያ ጥግ ቆመህ ትስቃለህ አይደል? ያን ቀንም ስቀህ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ የገዛ ልጅህን ረገምከው እኮ! ሰርዘው፣ ማንም አላየም።»

«እኔ ቀምሻለሁ» አለህ።

በማግሥቱ የዚያኑ ቢራ አሥራ አንድ በርሜል ደፋ። በሰው ኮርቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አልኮራሁም።

እንግዲህ ወደ ጥቅምቱ በርሜል ልመለስ። የማይሸተው ሰው እንዴት ጠመቀ? የቢራውን ጌሾ በመዳፉ አሽቶ ወደ ሊኔት አፍንጫ ይዘረጋል።

«ምን ይላል?»

«ሙጫ፣ አባዬ።»

«ልጣጩስ?»

«ገና ነው።»

«ቆዪ... አሁንስ?»

«አሁን መጣ!»

«በይ ጨምሪ!»

ሊቀምሰው አልደረሰም። ባለፈው ማክሰኞ እጄን ይዞ፣ «አደራ፣ መምህር» አለኝ። «ሐዘንተኛ ምላሱ ይዋሻል፤ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ይቅመሱት። ካልሆነ ድፉት፤ ስሜን አትለጥፉበት።»

አሁን በሩ ላይ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ብርጭቆ ቀርቧል። አንዱ ደህና በነበረ ጊዜ የጠመቀው ነው፤ ሌላው የመጨረሻው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሊኔት ብቻ ታውቃለች። እኔም አላውቅም፤ ለማወቅም አልጠየቅሁ። የማትጠጡ ማሽተት ይበቃችኋል። ያገኛችሁትን ሁሉ፣ ልጣጩንም ካርቶኑንም፣ ከብርጭቆው ሥር ባለው ወረቀት ጻፉ። እሑድ ሊኔት በቃላችሁ ትወስናለች፦ ወይ በርሜሉ የአባቷን ስም ይዞ ይወጣል፣ ወይ ይደፋል። ምዬ አልነግራችሁም፤ ግን አልፈራም። የፈራ ሰው ስም የማያይ ዳኛ አይጠራም፤ እሱ ጠርቷል።

ኦርቪል ወዳጄ፣ ደህና ሁን። ጥሩ ሰው ነበርክ አልልህም፤ ቃል አይደለም ብለኸኛል። መራራ ነበርክ። ጥርት ያልክ ነበርክ። ከተዋጥክ በኋላ እንኳ ጣዕምህ አፍ ላይ ይቆያል።

እናንተም ወረቀቱን እስከ ቅዳሜ ማታ በእጄ አድርሱልኝ። «ጥሩ» ብሎ የጻፈ፣ እመልስለታለሁ፤ እንደገና ይጽፋል።