ከሰባቱ የአምስቱ ድምፅ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የገቡት ለክርክር ታጥቀው ነበር። በብብታቸው የያዙት የጎዳናው ነጋዴዎች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ አሥራ አንድ ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ጠርዙ መፈርፈር የጀመረ። በነገው ስብሰባ «ደንቡ ይሻሻል» ለሚሉት ሁሉ አንዳንድ ቅጂ አስይዘው ዝም ሊያሰኟቸው አስበዋል። የጎዳናው ሰው «ሊቀመንበር» እያለ ነው የሚጠራቸው። ወንበሩን ከለቀቁ ዓመታት ቢያልፉም ስሙ አልለቀቃቸውም።

ከባንኮኒው ፊት ቀድማ የቆመችው ወጣት ዘወር ስትል ልባቸው ደንገጥ አለ። የሟች ጓደኛቸው የሰዓት ሠሪው ልጅ ናት፤ ከማዕዘኑ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስልክ ትጠግናለች። እሷም ቅጂ ልታስነሳ ነው የመጣችው፤ በኮምፒውተር የተጻፈውን አዲሱን ረቂቅ ይዛለች። ባለማሽኑ የማንን እንደሚያስቀድም ሳይወስን መብራት ጠፋ።

«ይመጣል፣ ቁጭ በሉ» ብሎ ሁለት በርጩማ አቀረበላቸው።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ለካ ይህን ያረቀቅሽው አንቺ ነሽ? የአባትሽን እጅ ሥራ ልታፈርሺ?»

«የማኅበሩ ጸሐፊ ቢለምነኝ ጻፍኩለት። እኔማ አባቴ ባቋቋመው ማኅበር አባል እንኳ አይደለሁም። "አባል የሚሆነው በሩ ወደ ጎዳናው የተከፈተ ነጋዴ ነው" ይላል ደንባችሁ። የእኔ በር የሚከፈተው ወደ ደረጃው ነው።»

«ያኔ ፎቅ የት ነበረና!»

«እሱን ነው የምልዎት ጋሼ። አሁን አለ።»

ሽማግሌው ፈገግ ላለማለት ጺማቸውን አሻሹ። «አውቃለሁ፣ ቀጥሎ "ልብስ ሲጠብ ስፌቱን ትለቁት የለ?" ልትይኝ ነው። ስንቱ ነገረኝ መሰለሽ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም? ትናንት የመጣው ሁሉ ከመሥራቾቹ እኩል ድምፅ ከሰጠ ማኅበሩ ገበያ ሆነ ማለት ነው።»

«ሰባታችሁ ማኅበሩን ስታቋቁሙት፣ ከዚህ ጎዳና ከመጣችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነበር?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ሁለት ዓመት ቢሆነን ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው የትናንት መጤዎች ናችሁ ያቋቋማችሁት። ደግሞ ነገሩ አጣዳፊ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ሊቆፍር ነው። ማኅበሩ በዚህ ወር ውስጥ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከጻፈ ግማሽ ግማሹን ይቆፍራል፤ ካልጻፈ ሙሉውን ስምንት ወር ይዘጋዋል። ስምንት ወር ደንበኛ በየት በኩል ይገባል? በደንባችሁ ግን ከሰባቱ መሥራቾች አምስቱ ካልተስማሙ ማኅተም አይመታም። አምስቱን ከየት እናምጣ? እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት።»

እውነቷን ነው። ሦስተኛው መሥራች ከሞቱ ወዲህ ማኅተሙ ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም። ይልቁንም በየወሩ ስብሰባው ሲከፈት ጸሐፊው ሰባቱን በየሙያቸው ይጠራል፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ አናጺው፣ ፎቶ አንሺው፣ ጫማ ሠሪው፣ መጽሐፍ ሻጩ፣ ሰዓት ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው። ለስድስቱ መልስ ሲጠፋ «አልተገኙም» ብሎ ይጽፍና ስብሰባው «ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ» ይበተናል። አንባቢ ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። ማኅበርተኞቹ ግን ስቀው አያውቁም፤ ደንቡ ከሞት የሚቀድም ይመስላቸው ነበር። እንግዲህ ለሰው የተሠራ ደንብ ሰውን ሲያሥር ዝም ብሎ ማየት አክብሮት ሳይሆን ስንፍና ነው።

ሽማግሌው ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልንገርሽ ልጄ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ያ ጥሪ እንዲቀር አልፈልግም። የሚጠሩበት ሌላ ቦታ የለም። ካንቺ በቀር ልጆቻቸው ሱቁን ሸጠው ሄደዋል። በወር አንድ ቀን "ሰዓት ሠሪው!" ሲባል በሩን አያለሁ። እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ሰው ግን ሲናፍቅ ያየዋል። ደንቡ ከተቀየረ ማን ይጠራልኛል?»

ልጅቱ ረቂቁን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «እኔም ይናፍቀኛል ጋሼ። ቃለ ጉባኤውን ሳነብ ግን አልቅሻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ "ሰዓት ሠሪው፦ አልተገኙም" ይላል። አባቴ በሕይወቱ ከቀጠሮ ቀርቶ ያውቃል?»

«ለሠርጌ ከእኔ ከሙሽራው ቀድሞ የደረሰ ሰው ነው» አሉ፤ ሊስቁ ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እውነትም በድለነዋል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልኩ፣ ለካ ሳቀርብበት የኖርኩት ክስ ነው።»

«መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት ጠይቄያለሁ። ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ደግፎ በሕይወት ያለው መሥራች ከፈረመ እንመዘግባለን ብለዋል። ሁሉም ነገር ያለው በእርስዎ እጅ ነው።»

መብራቱ መጣ። ማሽኑ እየጮኸ ሲነሳ ሽማግሌው ከበርጩማው ተነሡ። «የእሷን አስቀድም» አሉት ባለማሽኑን። «ከእኔው አንዲት ቅጂ ይበቃኛል፤ ለማስታወሻ።»

በማግስቱ ስብሰባ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ደገፈ፤ ሽማግሌውም ብዕሩን አንሥተው ፈረሙ። አዲሱ ደንብ ድምፁን ለአባላት ሁሉ ሰጠ፤ መሪዎች በየሦስት ዓመቱ እንዲመረጡ አዘዘ፤ ለአባልነትም በሩ የትም ይከፈት የት፣ በጎዳናው መሥራት በቂ ሆነ። በዚያው ሳምንት ከፎቆቹ ሃያ ሦስት ባለሙያዎች ገቡ፤ ከሁሉም ቀድማ የተመዘገበችው ስልክ ጠጋኟ ናት። ደብዳቤው ማኅተም አርፎበት ማዘጋጃ ቤት ደረሰ፤ መንገዱም ግማሽ ግማሹን ተቆፈረ፤ አንድም ሱቅ አልተዘጋ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ሲሸከሙት የኖሩት ለብዙዎች ቀለለ። የመሥራቾቹ ስም በደንቡ መግቢያ ላይ «አቋቋሙት» ከሚል ቃል ጋር ሰፈረ።

ደንቡ የጸደቀ ዕለት፣ ከአዳራሹ ሲወጡ፣ ልጅቱ ተከትላቸው መጣች። «ከፋዎት እንዴ ጋሼ?»

«አልከፋኝም፤ ትክክል ነው የሠራነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በዚህ ጎዳና ሁሉም ያከብረኛል፤ ወንበር ይለቁልኛል፣ ጎንበስ ይሉልኛል። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ግን "አንተ" ብሎ የሚጠራኝ ሰው አላገኘሁም። ደንብ ይሻሻላል ልጄ፤ ይህስ በምን ይሻሻላል?»

ልጅቱ ክንዳቸውን ያዘችና አብራቸው መሄድ ጀመረች። እሳቸውም አባቷ በወጣትነቱ የሠራውን አንድ ጉድ ያወሩላት ጀመር። ወሬው ይዟቸው ሱቃቸው ደርሰው አለፉት፤ እሷም አይታለች፣ ግን «ደርሰናል» አላለቻቸውም።