ክላክስ የለመዱ ላሞች

ከአዳማ ወደ መቂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴና ክርኑን በፋሻ የጠቀለለ ወጣት። ወሬውን የጀመረችው ነጋዴዋ ናት።

«ምን አገኘህ ልጄ?»

«ላም ገብታብኝ ከሞተር ወደቅኩ፣ እትዬ።»

«ክላክስ አትነፋም ነበር?»

«ስለነፋሁ እኮ ነው የመጣችው!»

«እንዴት ሆኖ?»

«ሁልጊዜ ፉርሽካ በሞተር ጭኜ ስገባ ደጅ ላይ ክላክስ እነፋላቸዋለሁ። አሁን መንገድ ላይ ብነፋም ፉርሽካ የመጣ እየመሰላቸው ይሮጡብኛል።»

«ያ ረቢ! የራስህ ላሞች?»

«የእኔስ ሦስት ናቸው። የጎረቤት ላሞችም ከእነሱ ለመዱ።»

«እንግዲያው አትንፋ!»

«ካልነፋሁማ ከአስፋልቱ አይነሱም። ይስቃሉ እንዴ እትዬ? ነገ ሚስቴ ከጤና ጣቢያ ትወጣለች። የሦስት ቀን ሕፃን ይዘን ብንወድቅስ?»

«በባጃጅ አምጣት።»

«ባጃጁም ይነፋል። ላሞቹ ክላክስ አይለዩም።»

ነጋዴዋ ሳቋን እንደምንም ዋጠች።

«እንግዲህ አንተ ፉርሽካህን ጭነህ፣ ቀስ እያልክ፣ እየነፋህ ቅደም። ላሞቹ ሁሉ ተከትለውህ በረት ይገባሉ። እሷ ባዶ መንገድ ታገኛለች፤ ከኋላ በባጃጅ ትመጣለች።»

«ሰፈሩ ምን ይለኛል?»

«ሰርግ መስሎት እልል ይላል!»

«እውነትዎን ነው፤ በሰርጓ ቀንም እንደዚህ አልታጀበችም!»

እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።