የዋልዳዋ ዳኛ

ከኬንያዋ ማርሳቢት ወደ ሞያሌ በሚመጣው ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ዋልዳ ጋ ስንደርስ ወደ ውጭ እያዩ አጠገባቸው ላለው ነጋዴ ያወሩ ጀመር።

«ስደተኛ ሆነን እዚህ ካምፕ ነበርን። ልጄን ድንኳን ውስጥ ነው ፊደል ያስቆጠርኳት።»

«አሁን የት ናት፣ ማማ?»

«አዲስ አበባ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ናት።»

«ታድለዋል። ችግር ሲገጥም ዘመድ አለ ማለት ነው።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ወንድሜ እዚያው ፍርድ ቤት ተከሰሰና ‹ጉዳዩን ለያዘው ዳኛ አንድ ቃል ተናገሪለት› ልላት ሄድኩ።»

«እሺ አለች?»

«‹እማዬ፣ ጠበቃ እናቁምለት እንጂ እኔስ አፌን አልከፍትም› አለችኝ። ተኳርፈን አደርን።»

«ያሳዝናል።»

«ጠዋት እችሎቷ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ እስረኛ አቀረቡ። ዓቃቤ ሕጉ ‹አይለቀቅ› ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። እሷ ግን ‹ማስረጃ አልቀረበበትም፤ በነጻ ይሰናበት› አለች።»

«ደፋር ናት።»

«የእስረኛው እናት አጠገቤ ነበረች። ትከሻዬ ላይ ተደፍታ እያለቀሰች ‹ይህችን የወለደ ማህፀን ይባረክ› አለች።»

«‹ልጄ ናት› አሏት?»

«አላልኳትም። አሜን ነው ያልኩት።»

«ወንድምዎስ?»

«ተፈረደበት፤ እስሩን ጨርሶ ወጣ። ዛሬ ሞያሌ ውስጥ ‹ዳኛዋ የእህቴ ልጅ ናት› እያለ ሰውን የሚያስቸግረው እሱ ነው።»

መውረጃዬ መንገድ ላይ ያለው ማንያታ ሰፈር ነበር፤ ወሬያቸው ይዞኝ፣ እያየሁት ሳልወርድ አለፍኩት።