ወይዘሮ አረጋሽ ምናሉ እና የኮሜርስ ሲቲው ጨፌ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖች ሁሉ፣ ዛሬ የምንሸኛቸው እናት እንዴት እንደኖሩ ጥቂት እንናገር።

ወይዘሮ አረጋሽ ከአባታቸው ከአቶ ምናሉ እንዳልክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጥነሽ፣ በጎጃም ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ ክረምት ከበጋ ውኃ ከማይለየው ጨፌ ዳር በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ቢማሩም ከፊደሉ ቀድመው የለዩት ሣሩን ነበር፤ ቄጠማው ይታጨዳል፣ እንግጫው ግን በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ከነሥሩ ይነቅሉታል።

ወደ አዲስ አበባ ሄደው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ለብዙ ዘመን ሠርተዋል። ከሾፌሩ ከአቶ ሀይለማርያም ጋር ትዳር መሥርተው ፍፁምንና ሰርካለምን ወለዱ፤ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም የሰርካለምን ልጅ ሔቨንን ሊያሳድጉ ልጆቻቸው ወደሚኖሩበት ወደ አሜሪካ፣ ዴንቨር መጡ።

እውነቱን ለመናገር ሞንትቤሎ ሰፈር ያለው የልጆቻቸው ቤት አፈናቸው። ልጆቹ ሥራ፣ ሔቨን ትምህርት ቤት፣ እሳቸው መኪና አይነዱ፣ ቋንቋ የላቸው፤ ከሶፋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ሶፋ ሲመላለሱ ውለው ማታ ሰርካለም ስትገባ፣ "እስር ቤት እንኳ ፀሐይ መሞቂያ ሰዓት አለው" ይሏት ነበር።

አንድ እሑድ ፍፁም ኮሜርስ ሲቲ ከሚሠራበት መጋዘን ጀርባ ወዳለው ጨፌ ወሰዳቸው። ቦታው አገሩን ሸፍኖ ከነበረው እርጥብ የሣር መስክ የተረፈ፣ በአስፋልትና በኮንቴይነር የተከበበ ቁራጭ ነው፤ ሰው የሚውጥ ሣር፣ ፊላና ቄጠማ ይበቅልበታል፣ በቄጠማውም መካከል አበባዋ በግንዷ ዙሪያ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ ከዓለም ልትጠፋ የደረሰች አንዲት ነጭ ተክል አለች። እማማ ጫማቸውን አውልቀው ውኃው ውስጥ ቆሙ፣ አልወጣም ብለውም ፍፁምን አስቸገሩት። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን የሚገፉት እሑድን ብለው ሆነ።

በዘመን መለወጫ ዋዜማ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ልጃገረዶች በሁለት መኪና አስጭነው ሄዱና፣ ተክል እንዳይነቀል በጨፌው አጥር በር ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ "ሣር ነው፣ ማን ይከለክላል?" ብለው አልፈው፣ እንግጫ የመሰላቸውን ሁሉ እየዘፈኑ ከነሥሩ ነቀሉት። ከቄጠማው ሥር ጋር ተጠላልፋ ነጯም ተክል ወጣች። የጨፌው ጠባቂ ሴትዮ ደርሳ ባየች ጊዜ ጭቃው ላይ ተንበርክካ አለቀሰች፤ እማማም ቋንቋዋን ባይሰሙም ለቅሶዋን ሰሙ። በሩ ተቆለፈ፣ እሳቸውም ዳግም እንዳይገቡ ተከለከሉ።

ሔቨን ልታጽናናቸው፣ "አያቴ፣ ኢትስ ጀስት ግራስ፣ ሣር እኮ ነው" ብትላቸው፣ "አንቺ ሣር የት ታውቂያለሽ፤ ያየሽው የተላጨ ሜዳ ነው" አሏት። እንግዲህ ምኞታቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ ተመልሰው መግባት። እሑድ እሑድ አጥሩን ይዘው ይቆማሉ፣ ዘሩ በነፋስ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ኮሸሽላ ይነቅላሉ፣ በሔቨን አስተርጓሚነትም ጠባቂዋን ስለ ነጯ ተክል ይጠይቃሉ። እሷም መጀመሪያ ፊቷን ታዞር ነበር፤ በኋላ ግን ተክሏ ሲከፋት ዓመታት ከመሬት በታች ተደብቃ እንደምትቆይ፣ የተረፈ ሥር ካለም ልትመለስ እንደምትችል ነገረቻቸው።

ይህን ሲጠብቁ ሳንባቸው ታመመ። የኦክስጅኑ ቱቦ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ብቻ ስለሚደርስ፣ "እንደ ፍየል በገመድ ታሰርኩ" እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ቀልዱን ሲጨርሱ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ጠባቂዋ ራሷ ለፍፁም ደወለች፤ ነጯ አብባለች፣ እናትህን አምጣቸው አለች። በትንሿ የኦክስጅን ጠርሙስ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ወሰዳቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ አበባዎቹም በቄጠማው መካከል ከሩቅ ይታያሉ። ፍፁም ወንበሩን ሊገፋ ሲል እማማ ጎማው ከነሥሮቹ የሚደፈጥጠውን የረጠበ መሬት አዩና እጁን ያዙት። ተሸክሜዎት ልግባ ቢላቸውም፣ "ተው ልጄ፣ የአንተም እግር እግር ነው። ዝጋው" አሉት። በሩ እስኪቆለፍ ከወንበራቸው ሆነው አይተው ወደ ሞንትቤሎ ተመለሱ፣ ከዚያም ወዲህ ከቤት አልወጡም። መስከረም ሳያልቅ፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ።

ፍፁምን፣ ሰርካለምን፣ የልጅ ልጃቸውን ሔቨንንና አገር ቤት ያሉትን እህታቸውን ሄዋንን ትተውልናል፤ የጨፌው ጠባቂም ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ከእኛ ጋር እያለቀሰች ናት። መሐሪው አምላክ የእናታችንን ነፍስ ማንም ውጪ በማይላት ለምለም ስፍራ፣ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።